በምድር ባቡር ላይ የዘመተው ነገረ ፈጅ

ቀኑ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ኖቬምበር 13 ቀን 1908 ዓ.ም. ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የተሰየመው ችሎት ለአጭር ጊዜ ዕረፍት ተነሥቷል። ዐቃቤ ሕጉ ፍራንሲስ ሄኒ ከጠረጴዛው አልራቀም። ሞሪስ ሃስ የተባለ የመጠጥ ቤት ባለቤት በሰዉ መካከል እየተጋፋ ቀረበና ሽጉጡን አውጥቶ ፊቱ ላይ ተኮሰበት።

ነገሩ የቂም በቀል ነበር። በአሜሪካ ሕግ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑት ከሕዝብ መካከል የሚመረጡ 12 ሰዎች ናቸው። ሃስ ቀደም ሲል ከነዚህ አንዱ ሊሆን ቀርቦ ሳለ ሄኒ ይህ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት ተፈርዶበት የታሰረ መሆኑን በአደባባይ ገልጦ አስወጥቶት ነበርና ያን ውርደት አልረሳውም። ሄኒ እንደ ተፈራው አልሞተም፤ ጥይቱ መንጋጋውን በሳው እንጂ ነፍሱን አላገኘውም። ሃስ ግን በማግስቱ በታሰረበት ክፍል ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ራሱን ገደለ የሚሉ ነበሩ፤ ምስጢር እንዳያወጣ አፉን ዘጉት የሚሉም አልጠፉም።

ተከሳሹ ኤብ ሩፍ ይባላል። ይህ ሰው ሹመት ሳይኖረው ከተማውን የሚገዛ፣ በትምህርቱ የታወቀ የሕግ ዐዋቂ ነበር። ከንቲባው ዩጂን ሽሚትዝ ከሙዚቀኞች ማኅበር መሪነት ተነሥቶ ለከንቲባነት የበቃው በሩፍ ብልሃት ስለ ሆነ፣ ከተማው ውስጥ ማናቸውንም ፈቃድ ለማግኘት የሚፈልግ ኩባንያ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሩፍ ቢሮ ነው። ለሩፍ «የጥብቅና ዋጋ» ይከፈላል፤ እሱም የድርሻውን አስቀርቶ የቀረውን ለከንቲባውና ለከተማው ምክር ቤት አባሎች ያከፋፍላል። በ1906 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጡና እሳቱ ከተማውን ካወደሙት በኋላ እንኳ ይህ ንግድ አልቆመም። የዚያን ቀን የሚታየው ክስም ለከተማው የኤሌክትሪክ ሐዲድ ኩባንያ ሽቦውን በመንገድ ላይ እንዲዘረጋ ፈቃድ ለማሰጠት ከምክር ቤቱ አባሎች ላንዱ ጉቦ ሰጥቷል የሚል ነበር።

ሄኒ ወደ ሐኪም ቤት ሲወሰድ ክሱን ማን ይቀጥል የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ከተማው በፍርሃትና በቍጣ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቦታውን መውሰድ ማለት ለጥይት መቀመጥ ማለት ነው። ቦታውን ከወሰዱት አንዱ ሂራም ጆንሰን የተባለ የ42 ዓመት ነገረ ፈጅ ሆነ። ቁመቱ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሲናገር ፊቱ የሚቀላ ሰው ነበር። እንደሚተረከው፣ በመጨረሻው ንግግሩ በጉቦ ተገዝተዋል ተብለው ወደሚጠረጠሩት ዳኞች ጣቱን እየቀሰረ፣ በየስማቸው እየጠራ፣ ይህን ሰው በነፃ ለመልቀቅ እንደማይደፍሩ ነገራቸው። ዲሴምበር 10 ቀን ሩፍ ጥፋተኛ ተባለና 14 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የተቀበሉት የምክር ቤት አባሎች ስለ መሰከሩ ተማሩ፤ የከንቲባው ፍርድ በይግባኝ ፈረሰ፤ ገንዘቡን ከኪሳቸው ያወጡት ትላልቅ የኩባንያ ሹማምንት ደግሞ ነገራቸው እየተጓተተ ቀረ። ከዚያ ሁሉ ጉቦ ሰጪና ተቀባይ መካከል ወህኒ ወርዶ ቅጣቱን የተቀበለው አቀባዩ ሩፍ ብቻ ነው። ጆንሰን ይህን አይቷል፤ በኋላ ያደረገውም ሁሉ ከዚህ የመነጨ ይመስለናል።

ለመሆኑ ይህ ጆንሰን ማን ነው? በ1866 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዋና ከተማ በሳክራሜንቶ ተወለደ። አባቱ ግሮቭ ጆንሰን ስመ ጥር ነገረ ፈጅና የምክር ቤት አባል ሲሆን፣ በዋሺንግተንም ለአንድ ዘመን እንደራሴ ነበር። ልጁ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ዓመት ተምሮ ሳይጨርስ በ1886 ዓ.ም. ሚኒ ማክኒል የተባለች ወጣት አገባና ትምህርቱን ተወ። ቤተ ሰቡን ለማስተዳደር በፈጣን ጽሕፈት ጸሐፊነት እየሠራ በአባቱ ቢሮ ሕግ አጠና፤ በ1888 ዓ.ም. የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። ወንድሙ አልበርትም ነገረ ፈጅ ስለ ነበረ ሦስቱ አንድ ላይ ይሠሩ ጀመር።

አብረው ግን አልዘለቁም። በመካከላቸው የገባው ምድር ባቡር ነው።

ሰዘርን ፓሲፊክ የተባለው የምድር ባቡር ኩባንያ በዚያን ጊዜ በካሊፎርኒያ ምን እንደ ነበረ ያላወቀ ሰው የጆንሰንን ታሪክ ሊረዳው አይችልም። ገበሬው ስንዴውንና ፍሬውን ወደ ገበያ የሚያወጣበት ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ስለዚህ የማጓጓዣውን ዋጋ የሚወስነው ኩባንያው ነው። በሕግ የኩባንያውን ዋጋ ይቈጣጠሩ ዘንድ የተሾሙት ሰዎችም የኩባንያው ወዳጆች ነበሩ። ለምክር ቤት አባሎች፣ ለዳኞችና ለጋዜጠኞች ነፃ የባቡር ቲኬት ይታደላል። የፖለቲካ ማኅበሮች ጉባኤ ሲያደርጉ ማን ለአገረ ገዥነት፣ ማን ለዳኝነት እንደሚቀርብ አስቀድሞ የሚታወቀው የኩባንያው የሕግ ክፍል ሹም በነበረው በዊልያም ሄሪን ቢሮ ነው። ፍራንክ ኖሪስ የተባለው ደራሲ በ1901 ዓ.ም. ስለዚህ ኩባንያ ልብ ወለድ መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ስሙን ስምንት ክንድ ካለው የባሕር አውሬ ወስዶ «ኦክቶፐስ» ብሎታል። ስሙም በሕዝቡ አፍ ቀረ።

አባትዬው ግሮቭ ጆንሰን የዚህ ኩባንያ ወገን ነበር። በዋሺንግተን ሸንጎም ስለ ኩባንያው ተከራክሯል። ልጆቹ ግን በሳክራሜንቶ የከተማ ምርጫ ላይ ከአባታቸው ወገን ተቃራኒ ቆሙ። አባትና ልጅ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሙያ፣ በሁለት ወገን ሆነው መኖር ከባድ ስለ ሆነ ሂራም በ1902 ዓ.ም. ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። ቍርሾው ለብዙ ዓመት አልሻረም።

ከሩፍ ፍርድ በኋላ የጆንሰን ስም በግዛቱ ሁሉ ታወቀ። በዚያው ዘመን ጋዜጠኞቹ ቼስተር ሮዌልና ኤድዋርድ ዲክሰን በ1907 ዓ.ም. ያቋቋሙት ማኅበር ምድር ባቡሩን የሚገዳደር ለአገረ ገዥነት የሚቀርብ ሰው ይፈልግ ነበር። ጆንሰን አመነታ፤ ሚስቱም ወደ ሳክራሜንቶ መመለሱን አልወደደችውም። በመጨረሻ ግን እሺ አለ።

የ1910 ዓ.ም. ዘመቻው ለዚያን ዘመን ሰው እንግዳ ነበር። ተወዳዳሪዎች ሁሉ ከከተማ ወደ ከተማ በባቡር ሲሄዱ እሱ ጠላቴ በሚለው ባቡር ላይ አልሳፈርም ብሎ በቀይ አውቶሞቢል ተነሣ። መንገዱ አቧራና ጭቃ፣ ጎማው በየቀኑ የሚፈነዳ፣ መንደሩ ደግሞ የተራራቀ ነው። ካሊፎርኒያ ከሰሜን እስከ ደቡብ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማልና ድካሙን አንባቢው ይገምተው። በየመንደሩ አደባባይ መኪናውን አቁሞ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሰዘርን ፓሲፊክን ከካሊፎርኒያ ፖለቲካ በርግጫ ማስወጣት። ስለ ቀረጥ፣ ስለ ትምህርት ቤት ወይም ስለ ሌላ ጉዳይ ብዙ አልተናገረም። ምላሱ ስለታም ስለ ነበረ የሎስ አንጀለሱን የጋዜጣ ባለቤት ሃሪሰን ግሬይ ኦቲስን በሕዝብ ፊት የሰደበው ስድብ እስከ ዛሬ ድረስ በታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቀሳል። በኖቬምበር ወር ተቃዋሚውን ቴዎዶር ቤልን ከ20,000 በሚበልጥ ድምፅ አሸነፈ።

ጃንዋሪ 3 ቀን 1911 ዓ.ም. ሥልጣኑን ሲረከብ ባደረገው ንግግር ሕዝቡ ወደ ፊት ራሱን የሚጠብቅበት መሣሪያ እንዲሰጠው ጠየቀ። መሣሪያዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ የተወሰነ ቍጥር ያለው ሕዝብ ፈርሞ ምክር ቤቱን ሳይጠይቅ ሕግ አርቅቆ ለምርጫ የሚያቀርብበት ነው። ሁለተኛው፣ ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ሕዝቡ በድምፁ የሚሽርበት ሕዝበ ውሳኔ ነው። ሦስተኛው የበለጠ የሚያስፈራው ነበር፦ ሹሙ የሥራ ዘመኑ ሳይፈጸም ሕዝቡ ፈርሞ ምርጫ እንዲደረግ ካስገደደ በኋላ ከወንበሩ የሚያወርድበት። አገረ ገዥውን እንኳ ለመሻር ባለፈው ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ ከ100 እጅ 12 የሚሆን ፊርማ ይበቃል።

ብዙዎቹ ወዳጆቹ ሳይቀሩ ቢያንስ ዳኞች ከዚህ ይውጡ ብለው ለመኑት። ዳኛ ሕዝብን እየፈራ እንዴት ይፈርዳል? አሉት። ጆንሰን አልሰማቸውም፤ የሳን ፍራንሲስኮን ዳኞች ያውቃቸዋልና። ይህ ክርክር ቀላል አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ታፍት የአሪዞናን ግዛት ሕገ መንግሥት ሕዝብ ዳኛን እንዲሽር ስለ ፈቀደ ብቻ ውድቅ አድርጎት ነበር። እኛ ዛሬ ሆነን ስናየው የታፍት ሥጋት መሠረት የሌለው አይመስለንም፤ ነገር ግን የኩባንያ ነፃ ቲኬት በኪሱ ይዞ ስለ ኩባንያው የሚፈርድ ዳኛ ያየ ሰው ሌላ መልስ ቢሰጥ አይፈረድበትም።

ኦክቶበር 10 ቀን 1911 ዓ.ም. ሕዝቡ በ23 የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ላይ ድምፅ ሰጠ። ከአንዱ በቀር ሁሉም አለፉ። ሹምን የመሻሩ ሕግ ከአራት ድምፅ ሦስቱን አገኘ። የሴቶች የመምረጥ መብትም በዚያው ቀን ጸደቀ፤ ብልጫው ግን 3,587 ድምፅ ብቻ ነበር። ሴቶቹ ይህን ድል ያገኙት በራሳቸው ድካም ነው፤ ጆንሰን ስለዚህ ጉዳይ ዝም ማለቱን መርጦ ነበር። ከዚህ ሌላ የምድር ባቡር ኮሚሲዮን ዋጋ የመወሰን ጥርስ ተሰጠው፤ የሴት ሠራተኞች ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ታወጀ፤ በሥራ ላይ ለተጐዳ ሠራተኛ አሠሪው ካሣ እንዲከፍል በ1913 ዓ.ም. ግዴታ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው የጆንሰን መልካም ገጽ ነው። ሌላም ገጽ አለው።

በዚያን ዘመን በካሊፎርኒያ ሸለቆዎች ጃፓናውያን ገበሬዎች ረግረጉን እያደረቁ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እያለሙ ነበር። የአሜሪካ ሕግ ዜግነት አልፈቀደላቸውም። ጎረቤቶቻቸው ነጭ ገበሬዎች ከመሬቱ እንዲነቀሉ ጮኹ። በ1913 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ዜግነት ሊያገኙ የማይችሉ የውጭ አገር ሰዎች የእርሻ መሬት እንዳይገዙ፣ ቢከራዩም ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይሆን የሚያዝ ሕግ አቀረበ። የጃፓን መንግሥት ተቈጣ፤ ፕሬዚዳንት ዊልሰን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸውን ዊልያም ብራያንን እስከ ሳክራሜንቶ ልከው ለመኑ። ጆንሰን እንግዳውን በአክብሮት ተቀብሎ አስተናገደና በሜይ 19 ቀን ሕጉን ፈረመ። የሚገርመው፣ በ1909 ዓ.ም. በዚያው ምክር ቤት ጃፓናውያንን የሚጐዱ ሕጎችን ሲያቀርብ የነበረው አባቱ ግሮቭ ጆንሰን ነው። አባትና ልጅ በምድር ባቡር ተጣልተው በዚህ ተስማሙ።

ይኸው ሕግ በ1920 ዓ.ም. የበለጠ ጠበቀ፤ ክራዩም ተከለከለ። በዚህ ጊዜ ያጠበቀው ምክር ቤቱ አልነበረም። ሕዝቡ ራሱ፣ ጆንሰን በሰጠው መሣሪያ፣ ፈርሞ አቀረበው፤ ከአራት ድምፅ ሦስት በሚሆን ብልጫም አጸደቀው። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕጉን ያፈረሰው በ1952 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ስንት ቤተ ሰብ ያለማውን መሬት በልጅ ወይም በጎረቤት ስም እየደበቀ እንደ ኖረ ማሰብ ነው።

ወደ ጆንሰን እንመለስ። በ1912 ዓ.ም. የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት አዲስ ፓርቲ አቋቁሞ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ጆንሰን ምክትሉ ሆኖ ቀረበ። በአገሪቱ ተሸነፉ፤ በካሊፎርኒያ ግን በ174 ድምፅ ብቻ ቀደሙ። በ1914 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ አገረ ገዥ ሆነ።

በ1916 ዓ.ም. የሆነው ነገር በአሜሪካ እስከ ዛሬ ይወራል። የሪፐብሊካኖቹ እጩ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ሂዩዝ ካሊፎርኒያን ሲጐበኝ የጆንሰን ጠላቶች ከብበውት ነበር። አንድ ቀን በሎንግ ቢች ከተማ ሂዩዝና ጆንሰን በአንድ ሆቴል ሆነው ሳይገናኙ ተለያዩ። ሂዩዝ ጆንሰን እዚያ መኖሩን ያወቀው ከሄደ በኋላ ነው። ይቅርታ ቢጠይቅም የጆንሰን ወገኖች ንቀት አድርገው ቈጠሩት። በምርጫው ጆንሰን ራሱ ለአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት 300,000 በሚጠጋ ብልጫ ሲመረጥ ሂዩዝ በዚያው ግዛት ከ4,000 ባነሰ ድምፅ ተሸነፈ፤ በካሊፎርኒያ መሸነፉም ፕሬዚዳንትነቱን አሳጣው። አንድ የሆቴል ሰላምታ ይህን ያህል ያስከፍላል ማለት ማጋነን ሊሆን ይችላል፤ የአራት ሺህ ሰው ኩርፊያ ግን ብዙ አይደለም።

ከ1917 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞቱ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተቀመጠ። በ1920 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ለመሆን ሞክሮ ሳይሳካለት ሲቀር የዋረን ሃርዲንግ ምክትል ሁን ቢባል እንቢ አለ ይባላል። ቦታው ለካልቪን ኩሊጅ ተሰጠ፤ ሃርዲንግ በ1923 ዓ.ም. ሲሞቱ ፕሬዚዳንት የሆኑትም ኩሊጅ ናቸው። በኮሎራዶ ወንዝ ላይ የተሠራው ትልቁ የሁቨር ግድብ በ1928 ዓ.ም. የተፈቀደው በእሱና በእንደራሴው ፊል ስዊንግ ስም በሚጠራው ሕግ ነው።

በውጭ ጉዳይ ግን አሳቡ አንድ ነበር፦ አሜሪካ ከሌላው ዓለም ጣጣ ትራቅ። የመንግሥታቱን ማኅበር ተቃወመ፤ በ1935 ዓ.ም. አሜሪካ የዓለም ፍርድ ቤት አባል እንዳትሆን ከታገሉት ዋናው እሱ ነበር። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር፣ የኢጣሊያ ጦር በአገራችን ድንበር ላይ ሲከማች፣ የአሜሪካ ምክር ቤቶች በጦርነት ላይ ላሉ ወገኖች ሁሉ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ የሚያግድ የገለልተኝነት ሕግ አወጡ። ጆንሰን ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። ሕጉ በጽሑፉ ወራሪውንም ተወራሪውንም እኩል ይመለከታል። ኢጣሊያ መሣሪያዋን በራሷ ፋብሪካ ታበጅ ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን አልነበራትም። ኃይለኛው ኩባንያና ድኻው ገበሬ እኩል አይደሉም ብሎ በቀይ መኪና አገር ያካለለው ሰው ይህን ልዩነት አለማየቱ ያሳዝናል።

በ1945 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በውጭ ጉዳይ ኮሚቴው ሲቀርብ ብቻውን እንቢ ያለውም ሽማግሌው ጆንሰን ነው። ጥቂት ሳምንት ቈይቶ ኦገስት 6 ቀን በሐኪም ቤት ሞተ። ያ ቀን በሂሮሺማ ላይ የአቶም ቦምብ የተጣለበት ቀን ስለ ነበረ የሞቱን ወሬ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

መሣሪያዎቹ ግን ከእሱ በኋላ ሠሩ። ሹምን የመሻሩ ሕግ ከወጣ ከ92 ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 2003 ዓ.ም.፣ የካሊፎርኒያ ሕዝብ አገረ ገዥውን ግሬይ ዴቪስን ሽሮ የፊልም ተዋናዩን አርኖልድ ሽዋርዝኔገርን አስቀመጠ። በ2021 ዓ.ም. ጋቪን ኒውሰምን ለመሻር በተደረገው ምርጫ ደግሞ ሕዝቡ ይቈይ ብሎ ወሰነ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2020 ዓ.ም.፣ በስልክ ጥሪ ሰው የሚያጓጉዙና ምግብ የሚያደርሱ ኩባንያዎች ሾፌሮቻቸው እንደ ተቀጣሪ እንዳይቈጠሩ የሚያደርግ ሕግ በራሳቸው ገንዘብ ፊርማ አሰባስበው ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ። ለዘመቻው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ፤ ከ100 ድምፅም 58 ያህሉን አገኙ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጁላይ 2024 ዓ.ም. ሕጉን አጸናው። ሰዘርን ፓሲፊክ ራሱ በ1996 ዓ.ም. በሌላ የምድር ባቡር ኩባንያ ተጠቃልሎ የለም።